በዶርማችን በር ላይ የጥላቻ ቃል ተጽፎ አገኘን፤ ለማን ነው የሚነገረው?

ጎህ | እሑድ፣ ከሌሊቱ 7፡40

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሐሳቤ ቢዘበራረቅ ታገሡኝ።

ዛሬ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ በዶርማችን በር ላይ በጥቁር ማርከር የተጻፈ ነገር አገኘን። የአራታችን ስም የተለጠፈበት ወረቀት አለ፤ ከአራቱ የሁለታችን ስም ተሰርዟል። ከወረቀቱ በታች በትልልቅ ፊደል ያ ቃል፣ ከቃሉ በታች ደግሞ «ውጡ» ይላል። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። እኔና ጓደኛዬ ከማን እንደተወለድን ለይቶ የሚሳደብ ነው። የሌሎቹን የሁለቱን ስም አልነካም። የጻፈው ሰው በክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደምንኖር አጥርቶ ያውቃል ማለት ነው።

እኔ ወዲያው ሳሙናና ጨርቅ ይዤ መጣሁ። ሰው ሳያየው ላጠፋው ነበር። ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ «ቆዪ፣ መጀመሪያ ፎቶ አንሺው» አለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አንድ ፎቶ አነሣሁና ፈተግነው። ማርከሩ አልለቅ ብሎ ጥላው አሁንም ይታያል።

ነገሩ ዛሬ አልጀመረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ይኸው ቃል በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ብዙዎች የሳቅ ምልክት ሰጥተውበት ነበር። ያኔ ዝም አልኩ።

ይህ ወንጀል ነው ወይስ አይደለም? የሚነገረውስ ለማን ነው? ለፕሮክተሯ፣ ለተማሪዎች ዲን፣ ለፖሊስ? «የልጆች ቀልድ ነው» ብለው ቢመልሱኝስ? ለቤተሰቦቼ አልነገርኩም፤ ብነግራቸው «ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ ነይ» ይሉኛል። ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ በሩን ብቻ ነው የማየው።

ቀለም_ቀንድ | እሑድ፣ ከሌሊቱ 8፡25

እህቴ፣ ጓደኛሽን አመስግኚልኝ። ያቺ አንዲት ፎቶ ብዙ ሥራ ትሠራለች።

ሕግ ያጠናሁ ነኝና «ወንጀል ነው ወይ?» ለሚለው ልመልስ። የጥላቻ ወንጀል የሚባለው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ያለ ጥላቻውም ቢሆን በሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው፤ መደብደብ፣ መዛት፣ ንብረት ማበላሸት። ሁለተኛው ተጎጂው የተመረጠው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በቋንቋው፣ በአካል ጉዳቱ ወይም በመሳሰለው ማንነቱ መሆኑ ነው። በር ላይ መጻፍ ንብረት ማበላሸት ነው፤ «ውጡ» የሚለው ደግሞ ዛቻ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። የቴሌግራሙ ለብቻው ሲታይ ወንጀል ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም የዩኒቨርሲቲ የዲሲፕሊን ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ከወንጀል ሕግ ሰፋ ስለሚል ፖሊስ የማይጠይቀውን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊጠይቀው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው፣ ወንጀል መሆን አለመሆኑን መወሰን የአንቺ ሥራ አለመሆኑን ነው። ስቲቨን ላውረንስ የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቅ በነጭ ወጣቶች በስለት ተወግቶ ሞተ። ፖሊስ ምርመራውን ክፉኛ አበላሸው። በሰር ዊልያም ማክፈርሰን የተመራው አጣሪ በ1999 ባወጣው ሪፖርት፣ ዘረኛ ድርጊት ማለት ተጎጂው ወይም ሌላ ማንኛውም ሰው ዘረኛ ነው ብሎ የተረዳው ድርጊት ነው አለ። ይህ ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም። መዝገብ ተከፍቶ በዚያ ዓይን ይመርመር ማለት ነው። ከገዳዮቹ ሁለቱ የተፈረደባቸው በ2012 ነበር፤ ወደ 19 ዓመት ገደማ ቆይቶ። የቤተሰቡ ጽናት ሳይኖር ያም አይገኝም ነበር።

ስለዚህ «ይህ በቂ ነው ወይ?» ብለሽ ራስሽን አትመርምሪ። ነገ ጠዋት ሂጂ።

ዝምታ | ሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ብዙ ሰው «አመልክቺ» ይልሻል። እኔ የሆነብኝን ልንገርሽ፤ ከዚያ አንቺ ትወስኛለሽ።

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ የዶርም ጓደኛዬ በየቀኑ ይሰድበኝ ነበር። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ የሚጠራኝ በትውልዴ ነበር። ሄጄ ነገርኩ። ኃላፊው ሁለታችንንም አስጠርቶ ፊት ለፊት አስቀመጠንና «እናንተ ወንድማማቾች ናችሁ፣ ተጨባበጡ» አለን። ተጨባበጥን። በሳምንቱ ብሎኩ ሁሉ «ከሳሹ» ይለኝ ጀመር። የዓመቱን ቀሪ ጊዜ ለብቻዬ እየበላሁ ጨረስኩ። ከወር በኋላ ጉዳዬ ምን ደረሰ ብዬ ብጠይቅ፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም። ነገር ግን «ተናገሪና ይፈታል» የሚልሽ ሰው ያልደረሰበት ነው። ፈተናሽን ተፈተኚ።

ብሎክ_ሰባት | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ወንድሜ ዝምታ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለስድስት ዓመት ፕሮክተር ነበርኩና ያደረሱብህን አውቀዋለሁ። ተሰዳቢን ከተሳዳቢ ጋር አጨባብጦ መሸኘት በሁለት እኩል ሰዎች መካከል ጠብ እንደነበረ መቁጠር ነው። በአንተና በእርሱ መካከል ጠብ አልነበረም። እርሱ ይሰድብሃል፣ አንተ ትሰደባለህ። ይህን ያልለየ ሽምግልና ሁለተኛ ጉዳት ነው። ልጄ ጎህ፣ «ተገናኝታችሁ ተነጋገሩ» ቢሉሽ «አልፈልግም» የማለት መብት አለሽ።

ይሁን እንጂ ዝምታ በቃል ነግሮ ነው የሄደው። ከልምዴ ልንገርሽ፤ በቃል የተነገረ ነገር ፈረቃ ሲቀየር ይጠፋል። ወረቀት ግን ይቀራል። በሁለት ቅጂ ጻፊ፤ አንዱን ስጪ፣ ሌላውን ማኅተምና የተቀበሉበትን ቀን አስደርገሽ ያዢ። ማኅተም እንቢ ካሉሽ በኢሜይል ላኪው፤ ኢሜይል የራሱን ቀንና ሰዓት ይመዘግባል።

አጻጻፉ ላይ ግን ልቆይ፤ ተማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ፤ ሳነበው «ጸያፍ ስድብ ሰደበኝ፣ ሞራሌን ነካው» ይላል። አዝናለሁ፤ ግን በዚህ ምንም ማድረግ አልችልም። «ጸያፍ ስድብ» ሲባል ኮሚቴው ውስጥ ያለው ሰው የራሱን ቀላል ስድብ ነው የሚያስበው። ቃሉ ራሱ፣ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት። ስንት ሰዓት ላይ አገኛችሁት፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሩ ንጹሕ የነበረው መቼ ነው፣ የማን ስም ተሰረዘ፣ የማን ቀረ፣ ማን አብሮሽ ነበር። የቴሌግራሙንም ከቀኑ ጋር ጨምሪው። የተሰማሽን ደግሞ ለብቻው በአንድ አንቀጽ ጻፊ፤ እንቅልፍ ማጣትሽም ጉዳት ነውና ይመዝገብ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ይህ ደግሞ ዛሬውኑ ነው። በኮሪደሩ ወይም በደረጃው ካሜራ ካለ ምስሉ ይቀመጥልን ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ካሜራዎች ከተወሰነ ቀን በኋላ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀዳሉ። «እናጣራለን» ሲሉ ሳምንት ካለፈ የሚጣራ አይኖርም።

ጎህ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

አመሰግናለሁ እማማ (እንዲህ ብጠራዎት ቅር እንዳይልዎት)። ክፍል ቀርቼ ለመጻፍ ተቀምጬ ነበር። ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ቦታውን ጻፍኩ፣ ስሞቹን ጻፍኩ። ቃሉ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። በገዛ እጄ፣ በገዛ ጽሕፈቴ ያንን ስለ ራሴ መጻፍ አልቻልኩም።

አማካሪ_ነኝ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

ጎህ፣ ያንን ቃል መጻፍ አለመቻልሽ ድክመት አይደለም፤ የቃሉን ክብደት ነው የሚያሳየው። ጓደኛሽ ትጻፈው። አንቺ ንገሪያት፣ እርሷ ትጻፍ፤ መንገርም ካቃተሽ ፎቶውን አስይዛት ትገልብጠው። ከታች «በቃሌ የተጻፈ» ብለሽ መፈረም ትችያለሽ።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሥነ ልቦና አማካሪነት እሠራለሁ። ብዙ ተማሪዎች የማያውቁትን ልንገራችሁ፤ አቤቱታ ማቅረብና ድጋፍ ማግኘት ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ወደ አማካሪ ለመምጣት ክስ መክፈት አይጠበቅብሽም። ማን እንደጻፈው ማወቅም አይጠበቅብሽም። እንቅልፍ አጥቻለሁ ብለሽ መምጣት ይበቃል።

ስለ ሚስጥር ግን ከመናገርሽ በፊት ጠይቂ። አማካሪ የሰማውን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ የአንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። መምህርሽ ወይም ፕሮክተርሽ ግን በደንቡ መሠረት የሰሙትን ለበላይ እንዲያሳውቁ ሊገደዱ ይችላሉ። በቅን ልብ የምትወጂው መምህር ጋ ሄደሽ አልቅሰሽ፣ በማግስቱ ሳትዘጋጂ ለምርመራ ብትጠሪ ትደነግጫለሽ። ስለዚህ በመጀመሪያ «የምነግርዎትን ለሌላ ሰው ማሳወቅ ይገደዳሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ጨዋ ሰው በዚህ አይከፋም።

ለአሁኑ ሌሊት የምትሞክሪው ነገር ልስጥሽ። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ በሕይወታቸው ስለገጠማቸው ከባድ ነገር ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት፣ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በተከታዮቹ ወራት ወደ ተማሪዎች ጤና ማዕከል የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነበር። በጻፉበት ሰዓት ግን ስሜታቸው እንደከበደ አልሸሽግሽም። ለኮሚቴው የምትጽፊው ሌላ፣ ይህ ሌላ ነው። ይህንን ማንም አያነበውም፤ ከፈለግሽ ቅደጂው። ከብዶሽ መቋቋም ካቃተሽ ግን አቁሚና ለሰው ንገሪ።

የፈተናውንም አትርሺ። ጊዜ እንዲራዘምልሽ ወይም በሌላ ክፍል እንድትፈተኚ መጠየቅ ትችያለሽ። ብዙ ተማሪ «ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ?» ሲባል ከ«ይቀጣልኝ» ሌላ አይመጣለትም። መጠየቅ ያለብሽ መጀመሪያ አንቺ እንድትቆሚ የሚያደርግሽን ነው።

አርባ_ደረጃ | ሰኞ፣ ምሽት 1፡15

ስለ ቴሌግራሙ ላክል፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ነኝ። ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው መልእክቱን በፈለገ ጊዜ ከሁሉም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሺ፤ ቃሉን ብቻ ቆርጠሽ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውን ጨምረሽ፣ ቀኑና የሳቅ ምልክቶቹ እንዲታዩ። የላኪውን መገለጫ ከፍተሽ በ@ የሚጀምረውን መለያውንም አንሺ፤ የሚታየው ስም በሰከንድ ይቀየራል። ምስሉ ላይ ቀይ ክብ አትሣዪበት፣ አታስተካክዪው፤ ምልክት ማድረግ ከፈለግሽ በቅጂው ላይ ይሁን።

ብዙዎች ተናደው መጀመሪያ ለቴሌግራም «አግዱልኝ» ብለው ያመለክታሉ። ተሳክቶላቸው መልእክቱ ይነሣል፤ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ማመልከት ነው።

ስም ሳይገለጽ የሚሞላ ቅጽም በአንዳንድ ተቋማት አለ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ተመልሰው ሊጠይቁሽ ስለማይችሉ ብዙ ርቀት አይሄድም። በዚያ ላይ በአራት ሰዎች ክፍል ውስጥ የሁለት ሰው ስም ተሰርዞ፣ ስም ሳትጠቅሺ ብትጽፊም ማን እንደሆንሽ ይታወቃል።

ካዩት_አንዱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ በሌላ ግቢ ነኝ፤ ከእናንተ ጋር አንተዋወቅም። ግን በእኛም ግሩፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ስድብ ተለጥፎ ነበር። 140 ሰዎች ነን። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ምንም አላልኩም። የተሰደበው ልጅ በማግስቱ ከግሩፑ ወጣ። «እገሌ ግሩፑን ለቀቀ» የሚለውን ትንሽ መስመር አየሁትና አለፍኩት። አሁን የጎህን ጽሑፍ ሳነብ ያቺ መስመር ትዝ አለችኝ። ለልጁ ምን ልበለው? ከሦስት ወር በኋላ ምን ዋጋ አለው?

ቀለም_ቀንድ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ዋጋ አለው። ዛሬ ጻፍለት። «ያን ቀን አይቼ ነበር፣ ዝም ማለቴ ትክክል አልነበረም፣ ልታመለክት ከፈለግክ ያየሁትን እመሰክራለሁ» በለው። ይቅር እንዲልህ አትጠይቀው፤ ሌላ ሸክም አትጨምርበት።

በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ እንዲወያዩ አደረጉ። በመካከሉ አንዱ ተወያይ በድንገት እንደታመመ የሚያስመስል ድምፅ ይሰማል። ብቻዬን ነው የሰማሁት ብለው ካመኑት 85 በመቶው በሽተኛው ድምፁ ሳይቋረጥ ወጥተው ተናገሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካመኑት ግን 31 በመቶው ብቻ። ካልተንቀሳቀሱት ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው ያልበው ነበር። ግድ ሳይሰጣቸው ቀርቶ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሌላው ይናገራል ብሎ ነው። 140 ሰዎች ባሉበት ግሩፕ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስብ። ያ ልጅ ግን ያየው የ140 ሰዎችን ዝምታ እንጂ የአንተን መጨነቅ አይደለም።

ዝምታ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

እናታችን ብሎክ ሰባት፣ «በመካከላችሁ ጠብ አልነበረም» ያሉት ሌሊቱን ሙሉ በጆሮዬ ሲያቃጭል አደረ። ለሁለት ዓመት እኔም የተጣላሁ ይመስለኝ ነበር። እውነት ነው፣ ወረቀት አልነበረኝም።

ጎህ፣ ያልኩሽን አልሰርዘውም፤ የደረሰብኝ ደርሶብኛል። ከሄድሽ ግን ብቻሽን አትሂጂ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

ጎህ | ከዘጠኝ ቀን በኋላ

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆነ።

ማክሰኞ ጓደኛዬ ቃሉን ጻፈችልኝ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር፤ ስትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ። አብረን ሄድን። የተቀበለን ኃላፊ አንብቦ «ማን እንደጻፈው ታውቃላችሁ?» አለ። አናውቅም አልነው። «ታዲያ ማንን እንጠይቅ?» አለን። ድሮ ቢሆን እዚያው ላይ ተመልሼ እወጣ ነበር። «ማን እንደጻፈው ማጣራት የእናንተ ነው፤ እኛ የመጣነው እንዲመዘገብና የካሜራው ምስል እንዲቀመጥ ነው» አልኩት። ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ ግን ብዬዋለሁ። ቅጂያችን ላይ ማኅተም አደረገልን።

ምስሉ ተገኝቷል። ሁለት ሰዎች በደረጃው ሲወጡ ይታያሉ፤ ኮፍያ አድርገዋል፣ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው። እስካሁን ማንነታቸው አልታወቀም። ላይታወቅም ይችላል አሉን።

በሦስተኛው ቀን ጠርተውን ለደኅንነታችን ሌላ ብሎክ እንድንዛወር ሐሳብ አቀረቡ። በቅንነት እንዳሰቡልን ገብቶኛል። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንቆም ግን ጓደኛዬ «በሩ ላይ የተጻፈው እኮ ውጡ ነው» አለች። ተመልሰን ገብተን አንዛወርም አልናቸው። በምትኩ ማታ ማታ ጥበቃው በእኛ ፎቅ እንዲያልፍ ጠየቅን፤ ተስማሙ። መዛወር የመረጠ ሰውን አልወቅስም፤ ክፍሉ ቢያስፈራኝ ኖሮ እኔም እሄድ ነበር።

አማካሪም ጋ ሄጃለሁ፤ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ያቺን ጥያቄ ጠየቅኳት። «ይህን የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው» ብላ በዝርዝር አስረዳችኝ። አንዱ ፈተና ተራዝሞልኛል። እንቅልፌ ገና ሙሉ አልሆነም።

ያላሰብኩት ደግሞ፣ መዝገቡን የያዘችው ሠራተኛ ስንወጣ ተከትላን መጥታ፣ ሌላ ተማሪም ተመሳሳይ ነገር ማመልከቷን ነገረችን። ስሟን አልነገረችንም፤ ልጅቷ ከፈቀደች ታገናኘናለች። የእኛ ወረቀት ባይኖር የእርሷ አንድ ለብቻው የተቀመጠ ወረቀት ነበር።

የቴሌግራሙን የለጠፈው ልጅ ታውቋል፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ማክሰኞ ይሰማዋል። እኔም ቃሌን እሰጣለሁ። ፊት ለፊት እንዳንቀመጥ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከሳቁት አንዷ ትናንት መጥታ እመሰክራለሁ አለችኝ። ምን እንደምላት አላወቅኩም ነበርና «ማክሰኞ አትቅሪ» ብቻ አልኳት።

ለእናቴም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ብቻሽን ነው የሄድሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት።

ካዩት_አንዱ | ከአንድ ሰዓት በኋላ

ለልጁ ጻፍኩለት። አንብቦታል፤ ገና አልመለሰም።

ዝምታ | በዚያው ምሽት

ጎህ፣ ማክሰኞ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? እኔ ሩቅ ነኝ፤ ስልኬን ከፍቼ እጠብቃለሁ። እንደወጣሽ ጻፊልን።